ሊዮንን በብስክሌት፦ ስለ ምግብና ቅርስ ጉብኝቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በፈረንሳይዋ ሊዮን ከአስጎብኚ ጋር በብስክሌት እየተዘዋወሩ ለመብላትና ታሪክ ለመስማት ላሰቡ ሰዎች ነው። ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከጄኔቭ፣ ከፍራንክፈርት፣ ከሚላኖ ባቡር ይዘው ከሚመጡ የእኛው ሰዎች ስለሆነ መልሱም ጾማቸውንና ማዕዳቸውን እያሰበ ተጽፏል። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳይ ድረስ ከመጣሁ ፓሪስ አይሻለኝም?

ለኤፍል ታወር ከሆነ ይሻላል። ለሆድ ከሆነ ግን ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ወደ ሊዮን ይልኩዎታል። ከፓሪስ በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

የሊዮን ምግብ ከቤተ መንግሥት አልወጣም። የሐር ሸማኔዎችና የወጥ ቤት ሠራተኛ ሴቶች ምግብ ነው። በሀብታም ቤት ተቀጥረው ያበስሉ የነበሩ ሴቶች ከጌቶቻቸው ቤት እየወጡ የየራሳቸውን ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ከተማውም እስከ ዛሬ "እናቶች" እያለ ይጠራቸዋል። ከሁሉም ስሟ የገነነው ኤዠኒ ብራዚዬ ናት። ከገጠር ድሀ ቤተሰብ ተወልዳ፣ እናቷ በልጅነቷ ሞታባት በሰው እርሻ ከብት ስትጠብቅ ያደገች ሴት፣ በ1933 በሁለት ምግብ ቤቶቿ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት የሚሽላን (ምግብ ቤቶችን በኮከብ የሚመዝነው የፈረንሳይ መመሪያ መጽሐፍ) ኮከብ በማግኘት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በኋላ ዓለም ያወቀው የምግብ ባለሙያ ፖል ቦኩዝ በወጣትነቱ የሠለጠነው እሷ ዘንድ ነው። ላም ማለብ፣ አትክልት መኮትኮትና ልብስ መተኮስም የሥልጠናው ክፍል ነበር።

በብስክሌት የምንዞረውም ለዚህ ነው። ሸማኔው የኖረበት ኮረብታ፣ ሴቶቹ የገበዩበት ገበያ፣ ምግቡ የሚበላበት ጠረጴዛ፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ይደረስባቸዋል። በእግር ከሆነ ይርቃል፤ በመኪና ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ቀኑ ያልቃል።

መንገዱ በየት በየት ያልፋል?

ጠቅላላው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከነመቆሚያው አራት ሰዓት ይወስዳል። ሊዮን በሮንና በሶን ወንዞች መካከልና ዳርቻ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች የወንዙን ዳር ይዞ ለሄደ ሰው መንገዱ ሜዳ ነው።

የምንገናኘው ቤልኩር አደባባይ፣ የሉዊ 14ኛው ሐውልት ዘንድ ነው። የከተማው ሰው "ከፈረሱ ጭራ ሥር" ብሎ ነው የሚቀጣጠረው፤ እርስዎም እንደዚያ ብለው ቢጠይቁ የማያሳይዎት የለም። ከዚያ በሶን ዳር ወዳለው የሴንት አንትዋን ገበያ እንወርዳለን። ገበያው ከማክሰኞ እስከ እሑድ ጠዋት ጠዋት ይቆማል። መቅመስ የምንጀምረው እዚህ ነው፤ አይብ፣ ዳቦና የወቅቱ ፍራፍሬ። ፍራፍሬውን ግን በእጅዎ እየነካኩ አይምረጡ። "ቦንዡር" ብለው የሚፈልጉትን ይጠቁሙ፣ ሻጩ ይመርጥልዎታል። ሰላምታውን ዘሎ ዋጋ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ ቀዝቃዛ ነው፤ እዚህ አገር ሰላምታ ዋጋ አለው።

ድልድዩን ተሻግረን አሮጌው ሊዮን ስንገባ ከብስክሌት ወርደን እየገፋን እንሄዳለን። መንገዱ ጠባብና በድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ሰውም ይበዛበታል። ይህ ሰፈር ዛሬ ቆሞ መታየቱ በሰው ትግል ነው። ከተማው በመሐሉ አውራ ጎዳና ሊያሳልፍበት አቅዶ ነበር። ነዋሪዎች ተቃወሙ። በ1962 የወጣው የባህል ሚኒስትሩ የአንድሬ ማልሮ ሕግ ደረሰላቸውና በ1964 ሰፈሩ በፈረንሳይ በዚያ ሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው ታሪካዊ ሰፈር ሆነ። በ1998 ደግሞ ከአጠገቡ ኮረብቶችና ከመሐል ከተማው ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ የፈጀው የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል የሚገኘው እዚሁ ነው፤ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1600 ማሪ ደ ሜዲቺን ያገባው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ወደ ሶን ሌላኛው ዳር ተመልሰን ወደ ሰሜን ስንነዳ አንድ ትልቅ ሥዕል ያለበት ሕንፃ እናገኛለን። ከሩቅ ሲያዩት ሰዎች በረንዳቸው ላይ የቆሙ ይመስላል፤ ሲቀርቡ ግን መስኮቱም በረንዳውም ሰዉም ቀለም ነው። የከተማዋ ስመ ጥር ልጆች ተሰብስበውበታል፤ ሲኒማን የፈለሰፉት የሉሚዬር ወንድማማቾች፣ እዚህ በ1900 የተወለደው ደራሲና አብራሪ ሴንት ኤግዙፔሪ፣ ከታች ደግሞ ቦኩዝ ከነነጭ ልብሱ። ፎቶ የማይነሳበት ሰው የለም።

ቀጥሎ ልጆች በጣም የሚወዱት ክፍል ይመጣል። ከክሯ ሩስ ኮረብታ ሥር በ2013 የተከፈተ ዋሻ አለ፤ ከ1.7 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ የሚያልፍበትም ብስክሌት፣ እግረኛና አውቶቡስ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የብርሃን ሥዕል ይንቀሳቀሳል። በበጋ ቃጠሎ ወቅት እዚያ ሲገቡ የሚመጣው ቅዝቃዜ ብቻውን ያስደስታል። በአንዱ ወንዝ ገብተን በሌላው ወንዝ እንወጣለን፤ ሶን ከኋላ፣ ሮን ከፊት።

ከዚያ ቴት ዶር ፓርክ ነው፤ በ1857 የተከፈተ፣ ከ100 ሄክታር በላይ የሚሰፋ፣ ሐይቅና የጽጌረዳ አትክልት ያለበት። ጥቂት አርፈን የሮንን ግራ ዳርቻ ይዘን እንወርዳለን። ይህ ዳርቻ ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ ነበር፤ በ2007 ነው ወደ አምስት ኪሎ ሜትር የእግረኛና የብስክሌት መናፈሻ የተለወጠው። ከማዶ ጉልላት ያለው ረጅም ሕንፃ ይታያል። ኦቴል ዲዩ ይባላል፤ እስከ 2010 ድረስ ሆስፒታል ነበር፣ ደራሲው ፍራንስዋ ራብሌ በ1532 በሐኪምነት ሠርቶበታል። አሁን ሆቴልና ሱቅ ነው።

የመጨረሻው መቆሚያ በቦኩዝ ስም የሚጠራው የተሸፈነ ገበያ፣ ሌ አል ነው። ስለ እሱ ከታች እመለሳለሁ።

ሌ አል ምን አለው? ዋጋው ውድ ነው ይባላል።

ውድ ነው፣ አልዋሽዎትም። ዶሮ ገዝቶ ቤት ለመሥራት የሚኬድበት ቦታ አይደለም፤ ለማየትና ትንሽ ትንሽ ለመቅመስ ግን የሚተካከለው የለም።

በ1971 የተሠራ ሕንፃ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ምንም ውበት የለውም። ውስጡ ሌላ ዓለም ነው። ቢያንስ የብረስ ዶሮውን ቆመው ይመልከቱ። ከነአንገቱና ከነእግሩ ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፤ ራሱ ቀይ፣ የአንገቱ ላባ ነጭ፣ እግሩ ሰማያዊ፣ ልክ የፈረንሳይን ባንዲራ ቀለም። በግራ እግሩ ላይ ያሳዳጊው ስም የተጻፈበት ቀለበት አለ። ከ1957 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስም ነው፤ እያንዳንዱ ዶሮ ቢያንስ 10 ካሬ ሜትር ሣር ሊኖረው ይገባል፣ የሚበላውም እህልና የወተት ተዋጽኦ ነው። ዋጋውን አይተው ለሚደነግጡ እንግዶች አስጎብኚው መጀመሪያ ይህን ይነግራቸዋል፤ መደንገጣቸውን ባያስቀርም።

ሴን ማርሴላን የሚባለውን ትንሽ ክብ አይብ ደግሞ ሲበስል ይቅመሱት። በማንኪያ ካልሆነ አይነሳም፣ እንደዚያ ይፈስሳል። ሽታው ግን ከሻንጣ አይለቅም።

ብስክሌት ከነዳሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ጭራሽ የማልችልስ ከሆነ?

በልጅነቱ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የነዳ ሰው ሃያ ዓመት ቢያልፈውም አይረሳውም። መነሻው ላይ አደባባዩ ሰፊ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ያህል መለማመጃ ይሰጥዎታል። ፍሬኑን ብቻ ይልመዱት፤ የፊቱን በኃይል አይጫኑ።

ጭራሽ የማይችሉ ብዙ ናቸው፤ በተለይ እናቶቻችን። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ወጣች ይባል በነበረበት ዘመን ያደገች እናት አለመቻሏ አያስገርምም። ለእነሱ ከፊት ወንበር ያለው የጭነት ብስክሌት ይዘጋጃል፤ አስጎብኚው ይነዳል፣ እሳቸው ነጠላቸውን ከጎማው ሰብስበው ይቀመጣሉ። የነጠላው ነገር ቀልድ አይደለም፤ ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ይጥላል። ይህን ብስክሌት ከፈለጉ ሲመዘገቡ ይናገሩ፣ በዕለቱ አይገኝም።

ዳገት አለበት?

ከላይ ያለው መንገድ የለበትም። ወደ ክሯ ሩስ ኮረብታ መውጣት ከፈለጉ ግን ከወንዙ ወደ ሰማንያ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ብቻ ነው የምንወስድዎት። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች "በተራ ብስክሌት እወጣዋለሁ" ይላሉ፤ እኩሌታው ላይ ሲገፉ ይገኛሉ።

በበኩሌ ኮረብታውን ሳያዩ መመለስ ጉብኝቱን ጎዶሎ ያደርገዋል ባይ ነኝ። ካኑ የሚባሉት የሐር ሸማኔዎች የኖሩት እዚያ ነው። የቤቶቹን መስኮት ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ረጃጅም ናቸው። ጣሪያው አራት ሜትር ገደማ ከፍ ያለው ሰው ስለረዘመ አይደለም፣ ያለዚያ ረጅሙ የዣካር የሽመና ማሽን ስለማይገባ እንጂ። ሸማኔው በማሽኑ ሥር እየሠራ፣ ቤተሰቡ ከላይ በተሰቀለች የእንጨት ቆጥ ላይ ያድር ነበር። በ1831 ለሚሸምኑት ጨርቅ ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰንልን ብለው ተነሡ፤ ነጋዴዎቹ ስምምነቱን አንቀበልም ስላሉ ነው ነገሩ የከረረው። ከተማውን ለጥቂት ቀናት ያዙ፣ በኋላ ጦር መጣባቸው። በ1834 ደግመው ተነሡ፤ ያኛው በደም ነው ያለቀ። ዛሬ በስማቸው በተጠራው ጎዳና ላይ 1,200 ካሬ ሜትር የሚሆን የግድግዳ ሥዕል አለ፤ ሰፈሩ ሲለወጥ ሥዕሉም እየታደሰ ከ1987 ጀምሮ ተከትሎታል።

ሌሊቱን ሲሠሩ ያደሩ ሸማኔዎች በማለዳ ተሰብስበው የሚበሉት ከባድ ቁርስ ነበራቸው፤ ማሾን ይባላል። ጨጓራ፣ የእግር ሥጋ፣ የተረፈ ሥጋ፣ ቋሊማ፣ ከቀይ ወይን ጋር። ዛሬ በቡሾን፣ ማለትም በሊዮን ባህላዊ ምግብ ቤት፣ ውድ ሆኖ የሚቀርበው ይኸው የድሀ ምግብ ነው።

በጉብኝቱ ምን ምን እንቀምሳለን?

እንደ ወቅቱና እንደ ቡድኑ ይለያያል። ዘወትር የማይቀሩት ግን አሉ። ሴርቬል ደ ካኑ ከለጋ አይብ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቀጫጭን አረንጓዴ ቅጠል፣ ከዘይትና ከኮምጣጤ የሚሠራ ነው፤ ጎመን ያልገባበት አይብ በቅመም ብለው ያስቡት፣ ከሁሉም በላይ የእኛ ሰው የሚወደው እሱን ነው። ከኔል ከብሮሼ ዓሣ፣ ከዱቄት፣ ከዕንቁላልና ከቅቤ ተድቦልቡሎ ተቀቅሎ ምድጃ የሚገባ፣ ሲወጣ የሚያብጥ ለስላሳ ምግብ ነው። ታብሊዬ ደ ሳፐር የሚባለው ደግሞ በወይን የከረመና በዳቦ ፍርፋሪ የተጠበሰ የበሬ ጨጓራ ነው። ዶሮ በኮምጣጤም አለ፤ ለማያውቁት ሰው የማዝዘው እሱን ነው።

ጣፋጩ የታወቀ ነው፤ ለውዝ በሮዝ ስኳር ተለብጦ የሚሠራው ፕራሊን፣ በእሱም የተጋገረው ደማቅ ሮዝ ታርት። ጥርስ ለሚያማቸው አልመክርም። ከጾማቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ከመጡ ቡኝ የሚባለውን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ያገኛሉ፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ቅቤና ዕንቁላሉን ለመጨረስ የተጀመረ ልማድ ነው፣ የእኛን ቅበላ ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ሊዮን ይሆነኛል?

ይሆንዎታል፣ ግን ንቁ መሆን ያስፈልጋል። አሳማ የዚህ ከተማ ወጥ ቤት ምሰሶ ነው፤ በማይጠበቅበት ቦታ ይገኛል። ቡሾን ገብተው እንደተቀመጡ፣ ገና ምንም ሳያዝዙ፣ በትንሽ ሳህን ቡናማ ቁርጥራጭ ነገር ይቀርብልዎታል። ቆሎ መስሏቸው እፍኝ የሚያነሱ አሉ። ግራቶን ይባላል፤ የተጠበሰ የአሳማ ስብ ነው። የሊዮን ሰላጣ ከተባለም ከዕንቁላሉ ሥር የአሳማ ቁራጭ አለበት። ሮዜት የሚባለው የደረቀ ቋሊማና በዳቦ የተጋገረው ቋሊማም አሳማ ናቸው። ድንቹ ራሱ አንዳንድ ቤት በአሳማ ሞራ ነው የሚጠበሰው፣ መጠየቅ ነው።

ሰኮናና ቅርፊት ለሚጠብቁ ሌላ ነገር ልጨምር። ከኔሉ ውስጥ ያለው ዓሣ ቅርፊት አለው፤ ናንቱዋ የሚባለው ሶስ ግን ሸርጣን ከሚመስል የወንዝ ፍጥረት ነው የሚሠራው። ያለ ሶሱ ወይም በሌላ ሶስ ይዘዙ። ከሊዮን ሰሜን ምሥራቅ ባለው የዶምብ የኩሬዎች አካባቢ የታወቀው በቅቤ የተጠበሰ ነገር ደግሞ እንቁራሪት ነው፤ ዶሮ ነው ብሎ የሚያሳስትዎ ቀልደኛ ጓደኛ ካለ ይጠንቀቁ።

ሲመዘገቡ አንድ መስመር ይጻፉልን፤ አስጎብኚው ቀድሞ ምግብ ቤቱን ያናግራል። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ማስቀየር ከወጥ ቤቱ ጋር ያጣላል።

በጾም ወቅት ብመጣስ? ረቡዕና ዓርብስ?

እውነቱን ለመናገር ለጾመኛ ከባድ ከተማ ናት። ቅቤና ክሬም የማይገባበት ነገር ጥቂት ነው። ከተቻለ በፍስክ ይምጡ። ካልተቻለ ግን የሚበላ አይጠፋም።

ዳቦው አስተማማኝ ነው። በ1993 የወጣው ደንብ "ባህላዊ" ተብሎ የሚሸጥ ባጌት ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከጨውና ከእርሾ ውጪ ብዙም እንዲገባበት አይፈቅድም፤ ወተትም ቅቤም የለበትም። ክሯሳን ግን ሙሉ በሙሉ ቅቤ ነው፣ ብሪዮሽም እንዲሁ። አረንጓዴው የፑይ ምስር ከሊዮን ብዙ ሳይርቅ የሚበቅል ምርጥ ምስር ነው፤ በሊዮን ምግብ ቤቶች በሰላጣ መልክ ይቀርባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ክሬም አለበት፣ በዘይትና በኮምጣጤ ብቻ እንዲያደርጉልዎት ይንገሩ። ገበያው ላይ ወይራ፣ ለውዝ፣ ፍራፍሬ ሞልቷል። ለጾመኛ ቡድን እንዲያውም ምግብ ቤት ትተን ከገበያ ገዝተን ፓርኩ ውስጥ ሣር ላይ እናቀርባለን፤ ብዙዎች ከምግብ ቤቱ ይልቅ ይህን ወደውታል።

ሃላል ወይም ኮሸር ይገኛል?

በቡሾን ውስጥ አይገኝም፤ ሥጋው ብቻ ሳይሆን ሶሱም በወይን የሚሠራ ነው። ለሙስሊም እንግዶቻችን መንገዱን ትንሽ ቀይረን በጊዮቲዬር በኩል እናሳልፈዋለን። ከመሐል ከተማ ድልድይ ተሻግሮ ያለ፣ የሰሜን አፍሪካና የእስያ ሱቆች የሞሉበት ሰፈር ነው፤ ሃላል ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት እዚያ አለ። አይብ፣ ዳቦና ጣፋጩ ከሌሎች ጋር ይቀመሳል፤ አልኮል ያለባቸውን አስጎብኚው ለይቶ ይነግርዎታል። ከእስራኤል ለሚመጡ ኮሸር ጠባቂዎች የሚሆኑ ቤቶች ያሉት ከሊዮን ጋር በተያያዘችው ቪሉርባን ነው፤ ቅዳሜ ግን ዝግ ናቸው።

ወይን አለ? ጠጥቶ መንዳትስ?

ሊዮኖች ሦስት ወንዝ አለን ይላሉ፤ ሮን፣ ሶን፣ ሦስተኛው ከሰሜን የሚወርደው የቦዦሌ ወይን። በቡሾን ታቹ ወፍራም በሆነ 46 ሳንቲ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ይቀርባል።

የፈረንሳይ ሕግ ለብስክሌት ነጂም እንደ መኪና ነጂው ነው፤ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል ከደረሰ ያስቀጣል። ስለዚህ ወይን የሚቀመሰው መጨረሻ ላይ፣ ብስክሌቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ "አንድ ብርጭቆ ምን ያደርጋል" የሚል ክርክር አንቀበልም። የማይጠጣ ሰው የቧንቧ ውኃ በካራፍ ይጠይቅ፤ በነጻ ነው፣ ጥሩም ነው።

ትራቡል የሚሉት ምንድን ነው? ውስጡ መግባት ይቻላል?

በሕንፃዎች ሆድ ውስጥ አልፎ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው የሚያወጣ መተላለፊያ ነው። በአንድ ተራ በር ይገባሉ፣ ጨለማ ኮሪደር፣ ከዚያ ድንገት ጠመዝማዛ ደረጃ ያለው ግቢ፣ ከዚያ ሌላ በር፣ ከዚያ ሌላ መንገድ። በክሯ ሩስ ተዳፋት ሸማኔዎቹ ሐሩን ዝናብ ሳያገኘው ያወርዱበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የናዚን ወረራ የሚታገሉ አርበኞች መሰወሪያ አድርገውታል።

ብዙዎቹ ተቆልፈዋል፤ የተወሰኑት ከከተማው ጋር በተደረገ ስምምነት ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ስለሆኑ ድምፅ ቀንሰን፣ ብስክሌቱን ውጭ ቆልፈን ነው የምንገባው። በቡድን መሳቅ የሚወዱ ዘመዶቻችንን እዚህ ጋ በትሕትና እናሳስባለን።

ጥንታዊ የክርስትና ታሪክ ያለበት ቦታ ታሳያላችሁ?

በኤሌክትሪክ ብስክሌት ወደ ክሯ ሩስ ለሚወጡ አዎ። ከተዳፋቱ ላይ የሮማውያን የትርዒት ስፍራ ፍርስራሽ አለ። በ177 የሊዮን ክርስቲያኖች እዚህ በአውሬ ፊት ቀርበው ሰማዕትነት ተቀብለዋል፤ ብላንዲና የምትባለው ባሪያ ከመካከላቸው ነበረች፣ አረጋዊው ጳጳስ ፖቲኖስ ደግሞ በእስር ቤት ዐረፉ። ከእሳቸው ቀጥሎ መንበሩን የያዘው ቅዱስ ሄሬኔዎስ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶችን ትምህርት የሚያውቁ እንግዶች ስሙን ሲሰሙ "እሱ እዚህ ነበር እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። በፍርስራሹ መሐል አንድ ምሰሶ ቆሟል፣ ለመታሰቢያ። አጥር ስላለው ከዳር ሆነን ነው የምናየው።

ልጆች ይዤ መምጣት እችላለሁ?

ይችላሉ። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ራሱ ቢነዳም ከኋላ ቢቀመጥም፣ የራስ ቁር በሕግ ግዴታ ነው፤ እኛ እናቀርባለን። ለትልቅ ሰው ግዴታ ባይሆንም እንዲያደርጉ እንመክራለን። ልጆች የሚሰለቹት ገበያው ላይ ነው፤ የሚደሰቱት በዋሻውና በፓርኩ። ጊዜ ካለ በ1808 ገደማ በከተማዋ የተፈጠረውን የጊኞል አሻንጉሊት ትያትር ሌላ ቀን ይውሰዷቸው፤ ቋንቋውን ባይሰሙም ዱላው ሲወርድ ይስቃሉ። ፈጣሪው ሎራን ሙርጌ ሥራ ያጣ የሐር ሸማኔ ነበር፤ ጥርስ ነቃይ ሆኖ ደንበኛ ለመሳብ ነው አሻንጉሊት ማጫወት የጀመረው።

ማወቅ ያለብኝ የመንገድ ሕግ አለ?

ከሁሉ በላይ የትራም ሐዲድ። በማዕዘን ቀጥ ብለው ይሻገሩት፤ ጎን ለጎን ከሄዱ ጎማው ይገባና ይወድቃሉ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትና ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ መክተት 135 ዩሮ ያስቀጣል፤ ቲክቶክ የሚቀርጹ ይቁሙና ይቅረጹ። በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳት ለትልቅ ሰው ክልክል ነው። የከተማዋ አብዛኛው ጎዳና ከ2022 ጀምሮ ለመኪናም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስለተደረገ ከአዲስ አበባ ትራፊክ ለመጣ ሰው ነገሩ እረፍት ነው።

ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው? የትኛው ወቅት ይመረጣል?

በፈረንሳይ ሰዓት 9፡00፣ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሁለቱንም የምንጽፈው በምክንያት ነው። ዘግይቶ መነሳት ምሳን ያበላሻል፤ የፈረንሳይ ወጥ ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ እስከ ምሽት አንድ ሰዓት አይከፈትም። ለምኖ ማስከፈት የለም።

ሚያዝያና ግንቦት፣ መስከረምና ጥቅምት ያማሩ ናቸው። በነሐሴ ብዙ ቡሾን ለእረፍት ይዘጋል። ሰኞ ገበያ የለም፣ ሌ አል ውስጥም ብዙው ሱቅ ዝግ ስለሆነ ሰኞ አንወጣም። በታኅሣሥ 8 አካባቢ ያለውን የብርሃን በዓል ለማየት ከመጡ ብስክሌቱን ይርሱት፤ ከተማው በሰው ስለሚጥለቀለቅ መርፌ መጣያ አይኖርም። በእግርዎ ይዩት።

ያለ አስጎብኚ በራሴ ባደርገውስ?

መንዳቱን ይችላሉ። ቬሎቭ የሚባሉት ቀያይ የኪራይ ብስክሌቶች ከ2005 ጀምሮ በየመንገዱ አሉ፤ ፓሪስ የራሷን የጀመረችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ ተጨማሪ ስለሚቆጠር በየመቆሚያው እየቀየሩ መሄድ ነው። አስጎብኚ የሚያስፈልገው ለትራቡሉ በር፣ ለምግብ ቤቱ ድርድርና "ይህ ውስጡ ምን አለው?" ለሚለው ጥያቄ ነው። ፈረንሳይኛ ከቻሉና የምግብ ገደብ ከሌለብዎ ገንዘብዎን ለምሳው ያውሉት።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ላለው አያስፈልግም። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ፣ የዱባይ ወይም የሳዑዲ ኢቃማ ቢኖርዎትም፣ የሸንገን ቪዛ ግዴታ ነው። ለጉብኝቱ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጨርሱ።

ጉርሻ ለአስጎብኚውና ለአስተናጋጁ ይሰጣል?

በምግብ ቤት የአገልግሎቱ ክፍያ በሒሳቡ ውስጥ ተካትቷል፤ ሳንቲሙን ትቶ መነሳት ይበቃል። ለአስጎብኚው እንደ ፈቃድዎ።

ለቤተሰብ ምን ይዤ ልመለስ?

ሮዝ ፕራሊኑ አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ለጾመኛ ከሆነ የቀለሙን ዓይነት ጀርባው ላይ ያንብቡ፤ ኢ120 ከተጻፈ ከነፍሳት የወጣ ቀለም ነው። ኩሳን የሚባለው አረንጓዴ የለውዝና የቸኮሌት ከረሜላ በሚያምር ሣጥን ይሸጣል፤ የከተማው ሹማምንት በ1643 ከወረርሽኝ እንዲተርፉ ስለት ገብተው ሻማና ወርቅ ወደ ፉርቪዬር ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱበትን የሐር ትራስ መልክ ነው የያዘው። ውስጡ ኩራሳኦ የተባለ መጠጥ ስላለበት ለማይጠጡ ሰዎች አይውሰዱት። አይብ በሻንጣ ከጫኑ በቫክዩም ያስዘጉት፤ ሻጩን ከጠየቁት ያደርግልዎታል። ወደ አሜሪካ የሚበሩ ከሆነ ለስላሳውን ትተው ጠንካራውን ይምረጡ፣ በጉምሩክም ያስመዝግቡት።